ሥልጠና የማያስፈልገው ሲስተም

መስከረም 14

ቀኑን ሙሉ የአንድ ዳቦ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፎቶ ሳተልቅ ዋልኩ። ባለቤቱ “ትንሽ ተለቅ አድርገው” ይላል። ተለቅ አደርገዋለሁ። “ትንሽ ደግሞ።” አሁን ዳቦው ከስክሪኑ ወጥቶ እኔን ሊበላኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢሜይል መጣ። ከድረ ገጽ ሠሪዎች ኮንፈረንስ አዘጋጆች። ተቀብለውኛል! ጥቅምት 12፣ ዋናው አዳራሽ፣ ሃያ ደቂቃ። ርዕሱ እኔው የላክሁት ነው፦ “ቀላሉ፦ ሥልጠና የማያስፈልገው ሲስተም”። ለሌላ ሰው ተልኮ እንዳይሆን ስሜን ሦስት ጊዜ አየሁት። እኔው ነኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። “ቀላሉ ማለት... ያ ለቤተ መጻሕፍቱ የሠራኸው?” አለች። አዎ። “እ...” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። ምን ሆነች?

መስከረም 16

ንግግሩን ጀመርኩ። መግቢያው፦ “ሲኤምኤስ የሚባለው ሰው ኮድ ሳይነካ ድረ ገጹ ላይ ጽሑፍና ፎቶ የሚያወጣበት ሲስተም ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሁሉ ሰው ያሰቃያሉ። እኔ ግን የራሴን ሠራሁ፤ ስሙም ቀላሉ።” ትንሽ ጉራ በዛበት። ይቀነስ? አይቀነስ። መድረክ በየቀኑ አይገኝም።

ማስረጃዬ እትዬ ካታሎግ ናቸው። (ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው አያውቁም።) የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ኮምፒውተር ሲያዩ ቦርሳቸውን የሚያቅፉ ሴትዮ። ሲስተሙን ካስረከብኩ ስምንት ወር ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደወሉም። ዜናው ግን በየቀኑ ይወጣል። አዲስ መጻሕፍት፣ የንባብ ሰዓት፣ ተረስቶ የተገኘ ጃንጥላ ሳይቀር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

መስከረም 21

ቢሮ የምንጋራው ፂሙ (ይህንንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ) ዜናውን ሰማ። እሱ የሚሠራው ከገበያ በመጡ ሲስተሞች ነው፤ በተሻሻሉ ቁጥር አንድ ነገር ይሰበርበትና ጠረጴዛውን ይደበድባል። አምና ኮንፈረንሱ ላይ አብረን ነበርን። እሱ ከአርባ ሰው ጋር ተዋወቀ። እኔ ሻይ ጠረጴዛው ጥግ ቆሜ ሦስት ቲሸርትና የማን እንደሆነ የማላውቀው ቻርጀር ይዤ ተመለስኩ።

“ዘንድሮ አንተ መድረክ ላይ፣ እኔ ታች? አይ ጊዜ!” አለኝ። “አንድ ተጠቃሚ ያለው ሲስተም ይዘህ?”

“መደርደሪያ ላይ ከተኛ መቶ፣ ሥራ ላይ ያለ አንድ ይበልጣል” አልኩት። ሳላስበው ወጣ። ወዲያው መድረክ ላይ የማሳየው ስላይድ ላይ ጻፍኩት።

መስከረም 27

እትዬ ካታሎግ አመል አላቸው። ርዕስ ሲጽፉ መሃል ላይ እንዲውልላቸው ከፊቱ ሃያ ምናምን ባዶ ቦታ ይመታሉ። ባዶውን የሚያጠፋ ኮድ ጻፍኩ። በማግስቱ በነጥብ ሞሉት! ነጥቡን የሚያጠፋ ጻፍኩ። ዛሬ ሰረዝ መጣ። እልኸኛ ሴትዮ።

ደግሞ “የገጹ አድራሻ” የሚለው ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ “እንጃ” ብለው ነው የሚሞሉት። ሲስተሙ አድራሻ እንዳይደገም ቁጥር ይጨምርበታል። እንጃ-1፣ እንጃ-2... ዛሬ እንጃ-213 ላይ ደርሰናል። ቀልደኛ ናቸው ማለት ነው። ማን ያስባቸዋል?

ጥቅምት 2

ጉድ ፈላ።

ዜናዎቹ ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገቡ ለስላይዱ ዝርዝር አወጣሁ። የቤተ መጻሕፍቱን የመስመር ቁጥር ጠብቄ ነበር። የወጣው የኛ ቤት ነው። ከላይ እስከ ታች፣ ሁሉም። የምተኛበት ቤት!

ኮዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። የሳቸውን መስመር ትቶ የኔን እየመዘገበ ነው። አሥር ቀን ሲቀረኝ።

ጥቅምት 3

ስህተቱ አልተገኘም። ሰባት መቶ መስመር አነበብኩ። ዓይኔ ጠፋ።

ጥቅምት 4

ግማሹን ኮድ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁንም እኛ ቤት። ውሃ ወቀጣ ነው።

እራት ስትሠራ እማዬ “ምነው ፊትህ እንዲህ ጠወለገ?” አለች።

“ሲስተሙ ይዋሻል።”

ድንች መላጧን አቆመች። “ሲስተም ይዋሻል እንዴ?”

“አንዳንዴ።”

“እንጃ” አለችና መላጧን ቀጠለች። የሚያጽናና ሰው እንኳ የለኝም።

ጥቅምት 5

ልሳቅ ወይስ ልናደድ፣ አላውቅም።

ቻርጀር ረስቼ እኩለ ቀን ላይ ቤት ተመለስኩ። እማዬ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። ፊት ለፊቷ ድራማ እንድታይበት የሰጠኋት አሮጌ ላፕቶፕ። የሳሎኑ ስልክ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል። አጠገቧ የተማሪ ደብተር። ኪቦርዱን ስትደበድበው ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ስክሪኑ ላይ... ቀላሉ።

“እሺ፣ ‘የሕፃናት የንባብ ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ተዛውሯል’... ቀጥዪ የኔ እመቤት” ትላለች። ከዚያ በጣቷ ሰረዝ ትቆጥራለች። “ሃያ አንድ... ሃያ ሁለት...”

እማዬ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበረች። በታይፕ ርዕስ መሃል የሚውለው ባዶ ቦታ ተቆጥሮ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ኮድ ውስጥ ምን ስፈልግ ነበር? ከኮዱ ይልቅ ሰው መጠርጠር እንዴት አቃተኝ?

ቀና ስትል አየችኝ። “አንተ! በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለህ?” እኔን ጠያቂ! ከዚያ ወደ ስልኩ ዝቅ ብላ፣ “እቴ... ተያዝን።”

ጥቅምት 6

ጠዋት አኮረፍኩ። ቁርስ አልበላሁም። ማንም ስላልለመነኝ አራት ሰዓት ላይ በላሁ።

ከዚያ ጠየቅኋት። “እትዬ ለምን እኔን አልጠየቁም?”

“ጠይቃህ ነበር እኮ።”

“መቼ?”

“በመጀመሪያው ሳምንት። ‘የጻፍኩት የት ገባ?’ ብላ ደወለችልህ። ምን እንዳልካት ታስታውሳለህ?”

አላስታውስም።

“‘እትዬ፣ በጣም ቀላል እኮ ነው!’ አልካት። አጠገብህ ቆሜ ነበር። ቀላል ነው የተባለውን ነገር ዳግመኛ ማን ይጠይቃል? ደደብ ነኝ ብሎ ማን ይፈርማል?”

በማግስቱ እትዬ በሳሎኑ ስልክ እያለቀሱ ደወሉ፤ ውሉ ላይ ለእርዳታ የሰጠሁት የቤቱን ቁጥር ነው። አለቃቸው “ካልቻሉ ምድር ቤቱ መጋዘን ውስጥ መጽሐፍ ይቆጥራሉ” ብሏቸው ነበር። እማዬ ደግሞ “ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ልጄ እንዳይሰማ” አለቻቸው። ስምንት ወር!

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለራስህ ቢነግሩህ መች ትሰማለህ? ኮንፈረንሱን ስትነግረኝ እኮ ወደ ጓዳ የሸሸሁት ለዚህ ነው።”

ንዴቱ የት እንደሄደ አላውቅም። አሁን ያለው እፍረት ብቻ ነው።

ጥቅምት 8

ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። የሠራሁትን ሲስተም ሰው ሲጠቀምበት ቁጭ ብዬ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በስምንት ወር! “እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተትና ዝም በል” አለችኝ። ሦስት ጊዜ “ቀላል እኮ...” ልል ስል ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። ሦስቱንም ዋጥኩ።

ደብተሩ ውስጥ አሥራ አራት ደረጃዎች ጽፋለች። ለእትዬ ካታሎግ ነው፣ አንድ ቀን ራሳቸው እንዲሞክሩ። ጥቂቱን ልገልብጥ፦

ደረጃ 1። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፊው። ይሄ ነገር በሩብ ሰዓት ያባርርሻል፤ ሲያባርርሽ የጻፍሽውንም ይዞ ይሄዳል።

ደረጃ 6። “አስቀምጥ” ቢልሽ አትመኚው። ያስቀምጣል፣ ለሰው ግን አያሳይም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደረጃ 9። ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ አትደንግጪ። ጀርባሽን ስጪውና ውሃ ጠጪ። ስትመለሺ ይረጋጋል።

ደረጃ 14። ከወጣልሽ ሁለተኛ አትንኪው።

ደረጃ 9 እውነት ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም።

ጥቅምት 10

ምን ይሻላል? ልሰርዘው? ልዋሽ? ፂሙ “ዝም አይነቅዝም። የወጡትን ዜናዎች ቁጥር አሳያቸውና ውረድ። ማን ያውቃል?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሙሉ ቀን ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን መድረክ ላይ ቆሜ “አንድም ቀን አልደወሉም” ብል እማዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እውነቱን ብናገር ደግሞ መጋዘን የሚወርዱት እሳቸው ናቸው፤ እኔማ ቢበዛ አፍራለሁ። ስለዚህ ሄጄ ላስፈቅድ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ መስኮታቸው ፊት ስቆም ፊታቸው አመድ መሰለ። “ተባረርኩ?” አሉ።

“ኧረ የለም እትዬ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ቀላል አልነበረም። ከባድ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።”

“እኔ እኮ...” አሉ፣ “የማልረባው እኔ ነኝ ብዬ ነበር።”

ይህቺን ቃል መቼም አልረሳትም። መጽሐፍ የማነሳ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ስለ ኮንፈረንሱ ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን አቀፉና፦ “የኔንም የቤተ መጻሕፍቱንም ስም እንዳታነሳ። የራስህን እንደፈለግህ አንሳ።”

ጥቅምት 12

እማዬ አዲስ ጫማዋን አድርጋ መጣች። በሩ ላይ ሙያ ሲጠይቋት “ታይፒስት” አለች፤ ባጁ ላይ ጻፉላት። መድረክ ወጣሁ። ሦስት መቶ ሰው።

“ሲስተሜ ሥልጠና አያስፈልገውም። እስቲ አንድ ባለሙያ መጥቶ ‘ሰላም’ የምትል ዜና ያውጣልኝ” አልኩ። ማን ዘሎ ወጣ? ፂሙ! እጅጌውን ሰበሰበ። ጻፈ። “አስቀምጥ” ተጫነ። የለም። ደግሞ ተጫነ። የለም። ከታች “ግራ በል!” “ወደ ታች ውረድ!” ይሉታል። በአራተኛው ደቂቃ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ከኋላ የእማዬ ድምፅ፦ “ጀርባህን ስጠው!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ሁሉንም ተናገርኩ። ወደ ቤቴ የሚወስደውን መስመር፣ ሦስቱን የፍለጋ ቀናት፣ ስምንት ወር በስልክ እየተነበበላት ዜና የጻፈችውን ታይፒስት። ደረጃዎቹን ሳነብ ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “በጣም ቀላል እኮ ነው” ያልኩትን ስናገር ግን ማንም አልሳቀም። ሁሉም ለማን እንዳለው ትዝ ያለው መሰለኝ።

ሁሉም አላጨበጨበም። ኮሪደር ላይ አንዱ “ሲስተሙ የማይሠራው ሰውዬ ይኸውላችሁ” ሲል ሰማሁ። አልዋሸም። እማዬን ፈልጌ አጣኋት፤ ለካ ደብተሩን ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ከበዋት ነው። ፂሙም መሃላቸው አለ።

ጥቅምት 25

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሠራሁ፣ ከእትዬ ካታሎግ ጎን። አሥራ ዘጠኝ ሳጥን የነበረው ሦስት ቀረው፦ ርዕስ፣ ጽሑፍ፣ ፎቶ። ርዕሱ ራሱ መሃል ይውላል። አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። “ምን እንበለው?” ስላቸው “‘አውጣ’ በለው፤ እኔ የምፈልገው እንዲወጣ ነው” አሉ። ስምንት ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ከማንም አልሰማሁም።

ትላንት የመጀመሪያውን ራሳቸው አወጡ። ቦርሳቸውን አላቀፉም።

ኅዳር 9

ጠዋት ሞባይሌ ጠራ፤ እትዬ ናቸው። “ልጄ፣ ፎቶው ተጋድሟል።” እንዴት እንደሚቀና ነገርኳቸው። ሁለተኛ፦ “ቀና አለ፣ ግን ፊቱን አዞረ።” ሦስተኛው ላይ አመነቱ። “የሞኝ ጥያቄ ነው፣ እንዳትስቅብኝ... አንዱን ፎቶ ለምን ሁለት ጊዜ ያወጣዋል?” “እኔም አላውቀውም እትዬ። ይጠብቁኝ፣ አብረን እንየው” አልኩ። ሄድኩ። አብረን አየነው። የኔ ጥፋት ሆኖ ተገኘ።

ከተመለስኩ በኋላ የደወሉት አራተኛው ደግሞ፣ የከፈቱት ገጽ እንዴት እንደሚዘጋ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ሳሎን ስልኩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እጇን አጣጥፋ። “ዛሬ ደውላ ነበር?” አለችኝ።

“አራት ጊዜ።”

“ለኔ አንድም ጊዜ አልደወለችም” አለች። ተቀይማለች።