በደመና ውስጥ መውረድን የለመዱት አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሠርከአዲስ

አቶ ዘመንፈስቅዱስ ሠርከአዲስ ከአባታቸው ከአቶ ሠርከአዲስ አበበና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጣይቱ መሳይ መስከረም 14 ቀን 1946 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። በጎባ ትምህርታቸውን ተከታትለው በአዲስ አበባ በመካኒክነት ሠለጠኑ። ከጎባ አጠገብ ወዳለችው ሮቤ ተመልሰውም በሲናና የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠሩ የእህል ማጨጃ ኮምባይነሮችን ሲጠግኑ ቆይተው፣ ኋላ የራሳቸውን አሰማርተዋል። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ እኅተማርያም ጋር ጋብቻ መሥርተው ምኞትንና ረድኤትን አፍርተዋል።

በሃምሳ ዓመታቸው፣ ሰው ሁሉ «ምን ነካቸው?» ሲል፣ የግል አውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ አወጡ። ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋርም አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ገዙ። ቀጥሎም ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለውን ፈቃድ አገኙ። ይህ ፈቃድ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ በስድስት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ በመሣሪያ ብቻ ወደ ማረፊያ መውረድን ያልተለማመደ ሰው ደመና ውስጥ አይገባም።

ለዚህም በረንዳቸው ላይ ወንበር ስበው፣ ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው፣ ወ/ሮ እኅተማርያም ከፍታውን እየጠሩላቸው ይዘጋጁ ነበር። ልምምዱ ሳያልቅ ለማንም ሰላምታ አይመልሱም። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ጤቤ በዚህ ተቀይመው ሁለት ወር ደጃቸውን አልረገጡም። በሽማግሌ ከታረቁ በኋላ ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁና «ጋሼ ዘመንፈስ፣ ወረዱ? አካም ጂርቱ?» ማለት ለመዱ።

ሚያዝያ 23 ቀን 2003 ዓ.ም. የልጃቸው የረድኤት ሰርግ ነበር። ለሰርጉ ሽር ጉድ ሲሉ ከስድስቱ ልምምድ አራቱን ብቻ አድርገው ሁለቱን አሳድረዋል። የሙሽራዋን ቬሎ ከአዲስ አበባ ይዘው ማለዳ በጠራ ሰማይ ተነሡ። ሮቤ ሲደርሱ ግን ሜዳው በሙሉ ደመና ለብሷል። መሣሪያዎቹ ይሠራሉ፤ ቦታውንም ደጋግመው ወርደውበታል። ይሁንና ሁለቱ ልምምድ ጎድሎባቸው ነበርና ወደ ኋላ ተመልሰው ሐዋሳ አረፉ። ከዚያ በመኪና ገሥግሠው ቬሎውን ታቅፈው ሲደርሱ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ድስት አጣቢዎች ነበሩ። ሙሽራዋ በእናቷ ሀበሻ ቀሚስ ተድራለች። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ምክንያት ሳይደረድሩ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ረድኤት ሦስት ወር ሙሉ አላናገረቻቸውም።

በሐምሌ፣ የጎደለ ልምምድ የሌለባቸው የበረራ ጓደኛቸው ካፒቴን ሙህዲን ረድኤትን ለምነው ከኋላ ወንበር አስቀመጧትና ልምምዱን እንድታይ ወሰዷት። በሦስተኛው ልምምድ ላይ ደመናው ዋጣቸው፤ የክንፉን ጫፍ እንኳ ማየት አልቻለችም። አባቷ ዓይናቸውን ከመሣሪያው ሳይነቅሉ ቀስ እያሉ ወረዱ። ጎማው መሬት ሲነካ «አባዬ፣ ያን ዕለት እንኳን ተመለሱ» አለቻቸውና አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አንድም ልምምድ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. የጤና ምርመራ በረራን ሲከለክላቸውም ሰማዩን የጠገቡ ሰው ነበሩ፤ ሳቅ ብለው ቁልፉን አስረከቡ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ወ/ሮ ጤቤን ከመሰሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያስቧቸዋል።

ይህን የጻፍኩት እኔ ረድኤት ነኝ። አባቴ በሰርጌ ቀን አልተገኙም፤ ከሰርጌ በኋላ ግን ዐሥራ አራት ዓመት ኖረውልኛል። ስላኖረልን ፈጣሪ ይመስገን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።