የሁለት ሰው ቁም ሳጥን

አለቃ፣

መጋዘን ገብቻለሁ።
ከአልጋህ እንዳትነሳ። ማስታገሻውና የሻዩ ፔርሙዝ አጠገብህ ወንበሩ ላይ አሉልህ። ራስህ እንደምታስተምረን፣ ከጉልበት በላይ ከትከሻ በታች አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።

«ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን ቀጥ አድርጉ» እያልክ ስታደነቁረን ከርመህ፣ የቤታችንን ቁም ሳጥን ብቻህን ታነሳለህ? የደህንነት ኃላፊ ተብዬ!

የኔ ወገብ የተቆረጠ ጊዜ የአደጋው ቅጽ ላይ «የሠራተኛው ግዴለሽነት» ብለህ ጻፍክብኝ። የጋሪው ጎማ እንደወለቀ እያወቅክ። እሱን ተወው።

ከቦርሳህ አንድ ባዶ ቅጽ አውጥቼ የትናንቱን ያንተን አደጋ ሞልቼዋለሁ። ፔርሙዙ ስር አለ። የአደጋው ምክንያት በሚለው ቦታ እንዲህ ብያለሁ፦ «ሸክሙ የሁለት ሰው ነበር። ሁለተኛው ሰው መኝታ ቤታችን ሆኖ ስሙ ሲጠራ ሰምቷል፤ አኩርፎ ዝም አለ።»

ከስሩ ፈርሜበታለሁ።