እስከ ዝናቡ ድረስ

ካናዛዋ
ቅዳሜ፣ ጁን 27 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ይድረስ ለፉሳኤ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እህትሽ ሚትሱኮ ያንን የመንደሪን ዳገቷን አሁንም በእግሯ ነው የምትወጣው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የካናዛዋን ዝናብ ለአንቺ አልነግርሽም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ሰላምታውን ማርዘም ይገባው ነበር፤ ግን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስላለ ልተወው።

አንቺና ያ ተማሪዬ ኢኩታ ከጀርባዬ ያደረጋችሁትን ደርሼበታለሁ።

አትካጂ። እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ፣ እሱም ተናዟል። "ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" ባልኩ ቁጥር "አንተ ገንፎውን ትተህ ስንጥሩን ነው የምትበላው" እያልሽ ስትስቂብኝ ኖርሽ። ይኸው ስንጥሩ ተገኘ። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ የት ቦታ ላይ እንደምትስቂ ግን ካሁኑ ገምቻለሁ።

ከኮረብታው ቤተ መቅደስ ሥዕል እንድሠራበት የታዘዝኩትን አራት ባለ ወረቀት ተንሸራታች በር ታስታውሻለሽ፤ ሸምበቆ መሀል የቆሙት ነጭ ሳቢሶች። አንቺ ስትሄጂ ገና ንድፍ ነበሩ። በብርዱ ወራት ከኢኩታ ጋር ሆነን ውሃውንና ሸምበቆውን ጨረስን። በረዶው መስኮቱ ድረስ ተቆልሎ እንኳ ሥራ አላቋረጥንም፤ ከቀለሙም አንዲት ቅንጣት አልረገፈችም። እውነቱን ልንገርሽና፣ ጣቴን በወረቀቱ ላይ እያሻሸሁ "ሙጫዬን የሚደፋብኝ ሰው ሲጠፋ ሥራዬ እንዴት እንደሚሰምር!" እል ነበር።

ያን የጠባችንን ቀን መቼም አልረሳሽውም። ለኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ቀርቶኝ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ፣ ቀለሜን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅልኝን አንድ ማሰሮ ሙሉ ሙጫ ደፍተሽ ማሰሮውን ስታጥቢ አገኘሁሽ። ያውም ከአሮጌው የከብት ቆዳ ሙጫ፣ ዛሬ የሚሠራው ሰው ከሌለው!

"ተበላሽቷል" አልሽ።

"ማን ነገረሽ?"

"አፍንጫዬ።"

"አፍንጫሽ ሠዓሊ ነው እንዴ? ስሜን ልትሰብሪ ነው የምትፈልጊው! እጅሽን ከሥራዬ ላይ አንሺ!" አልኩሽ። በማግስቱም የሥራ ቤቱ በር ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ያን ጓጉንቸር ስታይ ምን እንደሚሰማት ያኔ አላሰብኩም። ያሰብኩት ቁልፉን የት እንደምደብቅ ነው። አንቺ አንዲት ሻንጣ ይዘሽ ወጣሽ። በሩ ላይ ዞር ብለሽ ያልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እስከ ዝናቡ ድረስ ምንም አትሆንም።"

እርግማን ነው ብዬ ያዝኩት። ስምንት ወር ሙሉ ሳመነዥከው ኖርኩ። ዝናቡ ሲመጣ ምን ሊደረግብኝ ነው? ከማን ጋር ተማክራ ነው እንዲህ ያለችኝ?

ሜይ ሲጋመስ ሙቀቱ ገባ፣ ዘፍዝፌ የማቀልጣቸው ደረቅ የሙጫ ዱላዎቼም መጉደል ጀመሩ። እኔ ሁለት ስዘፈዝፍ አራት ይጎድላል። ኢኩታን ጠየቅሁት። "መምህር፣ ሲቆጥሩ ተሳስተው ይሆናል" አለኝ፣ ወለሉን እያየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ሰው፣ የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ፣ ወለል እያየ ሲያናግረኝ ምን ልበል? በዚያ ላይ የቤተ መቅደሱ አለቃ፣ መነኩሴው ሪዮካይ፣ በዚያው ሰሞን መጥተው "ሸምበቆዎቹ ነፍስ አላቸው፤ የአቶ ኢኩታ እጅ ነው አይደል?" ብለው ነበር። ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። በሮቹን አበላሽቶ ቦታዬን ሊወስድ ነው አልኩ። "ሳቢሶቹን ብቻዬን ነው የምሠራው፤ እስክጠራህ ቤትህ ተቀመጥ" ብዬ ሰደድኩት። ቀን ከውስጥ እየቀረቀርኩ፣ ስወጣ ጓጉንቸሩን እየቆለፍኩ ሠራሁ።

ሁለት ሳምንት ብቻዬን ነበርኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ የዛጎሉን ነጭ ዱቄት በሙጫ አሻለሁ፤ ሊጡን አንስቼ መቶ ጊዜ ሳህኑ ላይ እወረውራለሁ፤ ደግሞ አሻለሁ። ሙጫው ውድ ነውና ከትናንት የተረፈውን እያሞቅሁ ጠብታውን እንኳ አላባከንኩም። እንደዚያ የሚያምር ነጭ ሠርቼ የማውቅ አይመስለኝም።

በሮቹ ወደ ቤተ መቅደሱ ተወስደው በአራተኛው ቀን ሪዮካይ ራሳቸው መጡ። ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ በሚባልበት ከተማ ያለ ጃንጥላ ነው የመጡት፤ ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

"መምህር ቶኩጂ፣" አሉ ጫማቸውን እያወለቁ፣ "ሳቢሶችዎ ላባቸውን እያራገፉ ነው።"

"ምን አሉኝ?"

"ጠራጊዋ ሴትዮ ከበሩ ሥር ነጭ ዱቄት አገኘች። ነቀዝ መስሏት በሩን በጨርቅ መታ መታ ብታደርገው፣ አንዱ ሳቢሳ አንገቱን አጣ።"

አብሬያቸው ሄጄ አየሁ። ብነካው ነጩ ጣቴ ላይ ቀረ። የምረቃው ቀን ጁላይ 12 ነው፤ ምእመኑ ሁሉ ይሰበሰባል። እዚያው ቆሜ "ማን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስሙን ይዤ እመጣለሁ" አልኳቸው። አስቢው እስቲ፤ በዚህ ከተማ መምህሩ ከሃዲ ብሎ ያባረረውን ሠዓሊ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ይህን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ማስረጃ ብቻ ነበር የቀረኝ። ኢኩታን አስጠራሁት። ከሁለት ቀን በፊት ያቀለጥኩትን ሙጫ አሙቄ ጠረጴዛው ላይ ተውኩና "ሰፈር መታጠቢያ ቤት ደርሼ እመጣለሁ" አልኩት። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በፊት በር ወጣሁ፣ በጓሮ ዞሬ ገባሁ፣ ወረቀት የምናስቀምጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ተሸጎጥኩ። በሰባ ሁለት ዓመቴ፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሶ። እዚህ ጋ ነው የምትስቂው ያልኩት፤ በይ ሳቂ።

በስንጥቁ አየዋለሁ። ኢኩታ ክዳኑን ከፈተ፣ አፍንጫውን አስጠጋ፣ ፊቱን አጨማደደ። ግራ ቀኙን ገልመጥ አለና ሙጫዬን ወደ ጓሮ ወስዶ ደፋው። ማሰሮውን አጠበ። ከዚያ ሁለት ዱላ አወጣና መዘፍዘፍ ጀመረ።

"ያዝኩህ!" ብዬ ወጣሁ። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር ወጣሁ ማለት ወደቅሁ ማለት ነው። ያነሳኝም እሱ ነው።

"ለማን ነው የምትሠራው? ተናገር!"

"መምህር፣ ይሸታል።"

"ምኑ?"

"ሙጫው። ሞቷል እኮ። ይኼን ከቀለም ጋር ቢያሹት ምንም አይዝም።"

"እኔ ሃምሳ ዓመት ሙጫ ያቀለጥኩ ሰውዬ ሽታውን አጣዋለሁ?"

ተንበረከከና ነገሩን አወጣው። "እትዬ ፉሳኤ የሄዱ ዕለት ሻንጣቸውን ጣቢያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። 'ሙቀቱ ሲገባ በየጠዋቱ ሙጫውን ቀድመህ አሽትት' አሉኝ። 'እሱ አይሸተውም። ያ ትኩሳት ከጣለው ወዲህ ምንም አይሸተውም፤ ራሱም አያውቅም። ከተበላሸ ድፋና አዲስ ዘፍዝፍ። እንዳትነግረው፣ ይሰበራል' አሉ። እኔም ማልኩላቸው።"

"ታዲያ ሳቢሶቹን ስሠራ የት ነበርክ?"

"በሩ ተቆልፎ ነበር፣ መምህር።"

ፉሳኤ፣ ይህን ሰምቼ ወዲያው ያመንኩ እንዳይመስልሽ። ታውቂኛለሽ። ትኩስ ሙጫ በአንድ ሳህን፣ ሌላ ማሰሮ ሥር ተረስቶ ሦስት ቀን ያደረ በሌላ ሳህን አድርጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። አሸተትኳቸው፤ ሁለቱም ለእኔ ውሃ ናቸው። ጎረቤታችንን የአኩሪ አተር ቶፉ ሻጯን አሮጊት ኪኑዮን ጠራኋት። በዓይን እንዳይጠቃቀሱ ብዬም ኢኩታን ደጅ፣ ዝናብ ላይ አቆምኩት። ኪኑዮ ገና ደፉን ሳትሻገር አፍንጫዋን ያዘች።

"አንተ ቶኩጂ! እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?"

"የትኛው ሳህን ነው?"

"የትኛው ይለኛል ደግሞ! አፍንጫህን ማን ወሰደብህ?"

ከሄደች በኋላ ቤቱን እየዞርኩ ማሽተት ያዝኩ። ሩዙን፣ ሳሙናውን፣ ፍጅል በጨው ያስቀመጥሽበትን ጋን። ምንም የለም። መጨረሻ ላይ የልብስ መሳቢያሽን ከፈትኩ። ትተሽው የሄድሽው ጥቁር ሰማያዊ ኪሞኖ አለ፤ ፊቴን ቀበርኩበት። እሱም ምንም። ይህን ሳደርግ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የሄድሽ ሰሞንም አድርጌዋለሁ፤ ያኔ ሽታሽን ባጣው "አይ ክፋት! እንዳላስታውሳት አጥባው ነው የሄደችው" ብዬ መሳቢያውን በእግሬ ዘጋሁት። አላጠብሽውም ነበር፣ አይደል?

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የእኔ አፍንጫ ከተመታ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዓይኔ ያወቀው ገና ማክሰኞ ዕለት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሻይ ይዘሽ ትገቢ ነበር። "ሥራዬ ላይ ምን ትርመሰመሺያለሽ?" እያልኩ ስነጫነጭብሽ አንቺ ክዳን እየከፈትሽ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ቀለም ወረቀቱ ላይ የቆየው በአንቺ አፍንጫ ነው። "እስከ ዝናቡ ድረስ" ያልሽኝም እርግማን አልነበረም ለካ። በብርድ ሙጫ እንደማይሞት ስለምታውቂ፣ ስንት ወር ያለ አንቺ መቆየት እንደምችል አስበሽልኝ ነው የወጣሽው። እኔ ደግሞ ከማን ጋር እንደዶለትሽ ስመረምር ከረምኩ። አፍሬአለሁ፣ ፉሳኤ። ይህን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤው አሁን ሦስተኛዬ ነው።

ረቡዕ ሪዮካይ ዘንድ ሄድኩ። "የጥፋተኛውን ስም ይዤ መጥቻለሁ" አልኳቸው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ትክ ብለው አዩኝና "ሌላ ተጠርጣሪ አልተገኘም?" አሉ። ሰውዬው መቼም አይለቅም። ነጩን አንስተን እስከ ምረቃው ድረስ እንደገና እንድንሠራ ፈቅደዋል። ለኢኩታ ግን ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። "አራተኛውን ሳቢሳ አንተ ሥራው" አልኩት። አሁንም ወለሉን አየ። ያ ሰው ወለል የሚያየው ዓይኑ እንዳይታይበት መሆኑን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ገባኝ።

አሁን ግን አንድ ችግር ተፈጥሯል። ትናንት ጠዋት ማሰሮውን አቅርቤ "አሽትትልኝ" ስለው "መምህር፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ ምንም አይሸተኝም" አለኝ። ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ አላነጠሰም። ምሳ ሰዓት ላይ ሩዙ ማረር ሲጀምር ደግሞ ከጓሮ ሮጦ መጥቶ ያወረደው እሱ ነው። ደውሎልሽ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። አሁንም እየተማከራችሁ ነው። ኪኑዮን በየጠዋቱ እንዳልጠራት፣ ጠዋት ቶፉዋን ትታ አትመጣም፤ ብትመጣም ሰፈሩን ሁሉ ታስቅብኛለች።

ትንሽ ሙጫ በጠርሙስ ልኬልሽ አሽትተሽ እንድትጽፊልኝ አስቤ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። እህትሽ ዘንድ ኡዋጂማ ለመድረስ ሁለት ቀን፣ መልስሽ ለመምጣት ሌላ ሁለት ቀን ይፈጃል አለችኝ ሠራተኛዋ። በዚህ ሙቀት ሙጫ ይህን ያህል እንደማይቆይ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አፍንጫ ወደ ሙጫው ይመጣል እንጂ ሙጫ ወደ አፍንጫ አይሄድም። ዝናቡ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት አለው እየተባለ ነው።

እንግዲህ ጉልበትሽን ይማርልሽ። የሚትሱኮን ዛፎች ፍሬ አያሳጣቸው። ለመንገደኛም መንገዱን ያቅናለት፤ ይህን ማንንም አስቤ አይደለም፣ እንዲሁ ምርቃት ነው።

ባልሽ፣
ቶኩጂ

ልዘጋው ስል ትዝ ያለኝ፤ ጓጉንቸሩ ከትናንት ጀምሮ ከሥራ ቤቱ በር ላይ ጠፍቷል። ኢኩታ እኔን ነው የሚጠረጥረው።