ስም የሚነጥቁ መላእክት

ኅዳር 13፣ ደባርቅ

የልጅ ልጄ ሰብለ ከዳባት መጥታ በላፕቶፗ ጌም ስትጫወት ዋለች። የጌሙን መላእክት ሳይ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

«ከእነሱ ወገን ሁኚ» አልኳት።

«አባባ፣ ተጫዋቹ ሁሉ እኮ ይፈራቸዋል።»

«መልአክ ይፈራል እንዴ? ግቢ ብያለሁ!»

በእኔ ስም የሰየመችው የጌሙ ወታደሯ ከመላእክቱ መሀል ገባ። በብርሃን ሲያጥቡት ፊቱ እንደ እነሱ ሆነ፤ ከራሱ በላይ የተጻፈው ስሜም መደብዘዝ ጀመረ። የእኛ ጥምቀት ስም ይሰጣል እንጂ ይነጥቃል? ሁሉም በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንድም የለም።

«አውጪው!» ብዬ ጮኽኩ።

«አሁን የሚያስጠጉን ቀንዳሞቹ አጋንንት ብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ!»

ቀንዳሞቹ ጋ ደርሶ አመለጠ! ስሜም ተመለሰ። ትናንት ሚካኤልን ያነገሥኩ ሰውዬ ዛሬ ለቀንዳሞች አጨበጨብኩ። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው እንጃ።