የናሆም ሦስተኛ ሽኝት

ይድረስ ለልጄ ለዲያቆን ናሆም፣ ካምፓላ። እንዴት ከርመሃል? እኛ መርሳ ላይ፣ ከጉልበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አገልግሎትህን ጨርሰህ ምእመናን ሲሸኙህ የተነሳኸው ፎቶ ደርሶናል። የሁለተኛው ሽኝትም፣ የሦስተኛውም ደርሶናል። ከመጀመሪያው ሽኝት በኋላ ትመጣለህ ብለን የገዛንልህ በግ አሁን ጋራዥ ድረስ ይከተለኛል፤ ደንበኞቼ ረዳትህ ነው ይሉኛል። እሱን ለማረድ ማን አንጀት አለው?

እናትህ ፎቶዎቹን ደጋግማ አየች። በሦስቱም ፎቶ ላይ ጃንጥላ የያዘችልህ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ብቻ ጠይቅልኝ ብላለች። እኔ እንኳ ዝናብ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሦስተኛው ግን አዳራሽ ውስጥ ነው።

አራተኛ ሽኝት ካሰቡልህ ከነጃንጥላ ያዥዋ እዚሁ መርሳ ይሁን። ሌላ በግ እገዛለሁ።

በሰላም ያገናኘን፤
አባትህ ዘውዱ