ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4
ከማሽን ክፍሉ

ለጠበቃዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ከልጅነትሽ ጀምሮ ስለምትሟገቺኝ ዛሬም ጠበቃዬ ብዬሻለሁ። ደኅንነትሽን የምሰማው ከእናትሽ ተርፎ ሲደርሰኝ ስለሆነ፣ ደኅና ነሽ ብዬ ልጀምር። እኛም ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት አንድ ቀን ደግ ነው፣ አንድ ቀን ያኮርፋል። የኔን የደም ግፊት የለካው ሐኪም «ቶሎ ይናደዳሉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ራሱ አናደደኝ።

የምጽፍልሽ ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል ነው። ድሮ የአልጋ ልብስ ይቀመጥባት ነበር። መስኮቷ ቀለም ሲቀቡት ከነፍሬሙ ተጣብቆ ቀርቷል። በሆስፒታሉ ውስጥ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያላት ግን እሷ ብቻ ናት። የሕሙማኑን መዝገብ ሁሉ የያዘው አሮጌ ማሽን ከኋላዬ ያቃስታል። ከዚህ ወር አያልፍም። ስለዚህ መዝገቡ ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደምንከራየው የሌላ ኩባንያ ማሽን፣ መሄድ አለበት። አቅራቢውን ለሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ያደረጉት እኔን ነው።

ሌሎቹ አባላት ኩባንያዎቹን ከማወዳደር ሊጀምሩ ነበር። ተጠቃሚው ምን እንደሚያስፈልገው ሳናውቅ ለማን ነው የምንመርጠው? አልኩ። «ኢንጂነሩ ጀመሩ» ተባባሉ። እኔም ደብተሬን ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ራጅ ክፍሉ ሰፊ ቦታ፣ ላቦራቶሪው ፍጥነት ፈለገ። የፋርማሲው ሰውዬ «በየሳምንቱ የይለፍ ቃል ቀይር አትበሉኝ እንጂ ሌላው የራሳችሁ ጉዳይ» አለኝ። ዋናዋ አዋላጅ ግን እጇን እያደረቀች ቆማ፣ «ጋሼ፣ እኔ ስሙንም አላውቀው። መስመር ሲቋረጥ የወላዷ የደም ዓይነት ይታየኛል ወይስ አይታየኝም? እሱን ይንገሩኝና ይሂዱ፤ ሥራ አለብኝ» አለች።

እዚህ መስመር ሳይቋረጥ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። የአዋላጇን ጥያቄ የፍላጎት ዝርዝሩ ቁጥር አንድ አደረግሁት።

ሦስት ኩባንያዎች ቀረቡ። አንዱ ለማነጻጸሪያ እንኳ አይሆንም። ሌላው ዘገምተኛ ነው፣ ነገር ግን የመዝገቡን ቅጂ እዚሁ ትንሽ ማሽን ላይ ይተዋል፤ መስመር ቢጠፋም ይከፈታል። በነጥብ የመራው ሦስተኛው ነው። ፈጣን፣ ሰፊ፣ አቀራረቡ ያማረ። ስለ መስመር መቋረጥ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እንደምታውቂኝ ዝምታ አልወድም። ሰነዶቹ የሚገቡት በሁለት መልክ ነው፤ የታተመው በታሸገ ፖስታ፣ ለኮሚቴው የሚባዛው በፍላሽ። የታተመውን ማንም አያነበውም፤ ፖስታው ተከፍቶ ይፈረምበትና ካዝና ይገባል። እኔ የሦስተኛውን ኩባንያ አውጥቼ ከፍላሹ ጋር ገጽ በገጽ አመሳከርኩት። የፍላሹ ስልሳ ገጽ ነው። የታተመው ስልሳ አንድ።

የጎደለው ሠላሳ ስምንተኛው ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው የገጹን ቁጥር ማስተካከል አልረሳም። ርዕሱ «ይህ አገልግሎት የማያደርገው» ይላል። የመጀመሪያው መስመር፦ «የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ መዝገብ አይከፈትም።»

በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የማይችለውን አስቀድሞ የሚጽፍ ሻጭ አላጋጠመኝም። እንዲህ የምትጽፍ አንዲት ሰው ግን አውቃለሁ።

ለትምህርት ቤት የውኃ ማጣሪያ የሠራሽ ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ወረቀቱን አራት ጊዜ አስጻፍኩሽ። «ውኃ ያጠራል» ከማለትሽ በፊት «ጀርም አይገድልም» በይ አልኩሽ። እያለቀስሽ ጻፍሽው። ሦስተኛ ወጣሽ። አንደኛ የወጣው ልጅ ማጣሪያው ሁሉን እንደሚያደርግ የጻፈው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍሽኝ። አድገሽ ከቤት ስትወጪም በር ላይ ቆመሽ «አባዬ፣ አንተ ጋ ሰው መቼም ልክ አይሆንም» አልሽ። ከዚያ ወዲህ የት እንደምትሠሪ እንኳ ልትነግሪኝ አልፈለግሽም። አልፈርድብሽም። ትንሽ ብቻ እፈርድብሻለሁ።

ወደ ቤት ሄጄ እናትሽን የኩባንያሽን ስም ጠየቅኋት። «አደራ ብላኛለች» አለች። የሦስተኛውን ኩባንያ ስም እኔ ስጠራላት ማንኪያዋን አስቀመጠች። በቃ።

በማግስቱ ገጹን ይዤ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። አላነበበውም።

«ኢንጂነር፣ ስለ ገጽ ቁጥር ልናወራ ነው?»

«ስለ ወላዶች ነው የማወራው።»

«ልጅዎ እዚያ ኩባንያ እንደምትሠራ ሰምተናል» አለኝ፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ። «ጥሩ ልጅ ነች አሉ። እኛ ዝም ብለናል። እርስዎም ዝም ይበሉ።»

እኔ ያወቅሁት በዋዜማው ማታ ነበር፣ እሱ መቼ እንዳወቀ እንጃ። ከመቀመጫዬ ስነሳ፣ የምንኖርበት ቤት የሆስፒታሉ መሆኑንም እግረ መንገዱን አስታወሰኝ።

እንግዲህ ተመልከችው ጠበቃዬ፣ በየት በኩል ልውጣ? ዝም ብዬ ብፈርም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ደም እየፈሰሳት ያለች ሴት አጠገብ ቆማ ባዶ ስክሪን ታያለች። ገጹን ይፋ ባወጣ፣ የኩባንያሽ ሰዎች «ለአባቷ ሹክ አለች» ይሉና እንጀራሽን ይዘጉብሻል። ኮሚቴውን በሰበብ ጥዬ ብወጣ፣ የሚተካኝ ሰው ካዝናውን አይከፍትም። ሦስት ቀን እዚህች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን አገላበጥኩት። መስኮቱንም ለመክፈት ሞከርኩ፤ አይከፈትም።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ስላልፈለግሁ አይደለም። ስድስት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ ዘግቻለሁ። ካነጋገርኩሽ በኋላ ገጹን ይፋ ባወጣ፣ ሰጠችው ለሚሉሽ ማስረጃ አቀበልኳቸው ማለት ነው። ካላነጋገርኩሽ ግን በሐቅ «ምንም አላውቅም ነበር» ትያለሽ። ይህንንም በፖስታ የምልከው ዘግይቶ እንዲደርስሽ ነው። ስታነቢው ነገሩ አልቋል።

ኮሚቴው ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይፈርማል። እዚያ ላነበው የጻፍኩት ቃል አንድ ገጽ ነው። ሲጀምር፦ «ይህን ሰነድ ያዘጋጀችው ልጄ መሆኗን ከአጻጻፏ ለይቻለሁ፤ ከእሷ ጋር ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።» በደንቡ መሠረት ይህን እንደተናገርኩ ከስብሰባው እወጣለሁ፤ ድምፅ አይኖረኝም። ግን የወጣሁበት ምክንያት ከነማስረጃው ከቃለ ጉባኤው ጋር መያያዝ አለበት። ማስረጃው ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ነው። የሚፈርም ሰው ገጹን አይቶ ይፈርማል። አላየሁም ማለት አይችልም። ከዚህ በላይ የምችለው ነገር የለም፤ ይህም ይበቃ አይበቃ አላውቅም። ለእናትሽ ስለ ቤቱ አልነገርኳትም።

ባስተማርኩሽ ነገር ሌላ ሰው እንዳይቀጣሽ ብዬ ስሮጥ፣ እኔው ልቀጣሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። የገጹን ስምንት መስመሮች በቀይ እስክሪብቶ ይዤ አነበብኳቸው። እስክሪብቶውን ሳልጠቀምበት ከደንኩት።

እውነት የጻፈ እጅሽን አምላክ ይጠብቅልኝ። የጻፍሽውን የሚቀድ ሳይሆን የሚያነብ አለቃ ይስጥሽ።

አባትሽ

ይድረስ ብዬ ልዘጋው ስል ታወሰኝ፤ የውኃ ማጣሪያሽ እዚህ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። ከቤት ያመጣሁት አንቺ በሄድሽ ሳምንት ነው። ወረቀቱ እንደተለጠፈ አለ።