አባትሽ ለአትላንታ የደገፈበት ምክንያት

ልጄ አይዳ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እመብርሃን እዚያ ለንደን ከአጠገብሽ አትለይ። ይህን የሚያነቡልሽ ወይዘሮ ኣክበረት ናቸው፤ የአባትሽን መርዶ ማልደው ነግረውሻል። በስልክ ስትጠይቂኝ «ተኝቷል» ያልኩሽ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው፤ አትቀየሚኝ።

እዚህ ሚኒሶታ፣ ሮዝቪል በረዶ ጀምሯል። ለቀስተኛው ግን ከቤት አልጠፋም። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍነነዋል። በናይንቲ ዋን የቤዝቦሉ ዋንጫ ጊዜ ከአባትሽ ጋር እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ ስትጨቃጨቁ ትዝ ይልሻል? የሚኒሶታና የአትላንታ ቡድኖች በፊተኛው ዓመት መጨረሻ ወጥተው፣ ያኔ ለፍጻሜ ደረሱ። ሰፈሩ ሁሉ ለሚኒሶታ ሲጮህ አባትሽ ለአትላንታ! በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ለዜሮ ስናሸንፍ እየዘለልሽ አበሸቅሽው።

እሱ ማድ ቤት ገብቶ ብቻውን ይስቃል። ምን ሆንክ ስለው፣ «ልቤማ ለሚኒሶታ ነው። አይዳ ግን የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ስትናደድ ነው አማርኛዋ የሚመጣው» አለኝ። እንዳልነግርሽም አስማለኝ።

በይ እህል ቅመሺ፣ ሰዎቹንም እሺ በያቸው። ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ። አደራሽን ልጄ፣ ስታለቅሺ በአማርኛ አልቅሺለት።

እናትሽ አረጋሽ